መሃሉ የሳሳ አንሶላ አይጣል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

በጣሊያን የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በተቋቋመላት ባሕር ዳር፣ መሃሉ የሳሳ የጥጥ አንሶላ ወዲያው የወለል መወልወያ ሲሆን ማየት ያሳዝነኛል። አንሶላ ቀድሞ የሚያልቀው ገላ በሚያርፍበት መሃሉ ስለሆነ፣ በቁመቱ ለሁለት ተቀዶ፣ ጠንካራዎቹ ዳርና ዳር መሃል ላይ ተገጥመው ቢሰፉ፣ የሳሳውም ወገን ወደ ውጭ ወጥቶ ቢቀመቀም፣ ገና ብዙ ያገለግላል፤ እኔም ባለፈው ክረምት ሁለት አንሶላ በእጅ መርፌ እንዲሁ ሰፍቼ እስከ ዛሬ እተኛባቸዋለሁ። ስፌቱ ጀርባን እንዳይቆረቁር ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያረጀ ጋቢም አራት እጥፍ ሆኖ ዳር ዳሩ ሲሰፋ ለትኩስ ድስት ማውረጃ ይሆናል፤ ናይለን ግን እሳት ያቀልጠዋልና ለዚህ አይሆንም። የልብስ ስፌት መኪና የሌላቸው እናቶች ሊሠሩት ለሚችሉት እንዲህ ላለ ስፌት ጋዜጣችሁ አንድ ዓምድ እንዲሰጥልን በአክብሮት እለምናለሁ።

አክባሪያችሁ
ከባሕር ዳር