ደረሳው፣ ቀልድህ አሁን ገባኝ

ሰላም ለአንተ ይሁን ደረሳው፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? ትልቋ ትምህርት ቤት ገብታለች አሉ። ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የምጠይቅህ አፍሬ ነው። መደወል ነበረብኝ። ግን ከአራት ዓመት በኋላ "ሃሎ" ካልኩ ቀጥሎ ምን እንደምል አላውቅም። ደብዳቤ ይሻላል፤ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

እናትህን አገኘኋቸው። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ፣ በርበሬ ተራ ጋ ሳያቸው አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል "አንተ የቆሎ ተማሪ!" አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ዞር ስል እየሳቁ ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ አገላብጠው ሳሙኝ። ደሴ ተስማምቶታል፣ ሱቁ ይሄድለታል፣ ወፍሯል አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለመሆኑ ያ ወንፊቴ እናንተ ቤት አይደለም እንዴ?" አይሉኝም! ስንት ዓመት ያልረሱት ወንፊት። እሱን በኋላ አወራሃለሁ።

መጀመሪያ ስለዚያ ማታ።

በ2013 ሁዳዴና ረመዳን እንደገጠሙ ታስታውሳለህ። አንተም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ፣ ማታ ማታ በቴሌግራም እንነታረካለን። ጠባችን በከፊል የረሃብ ይመስለኛል። ከአንድ ግሩፕ ያገኘሁትን ሁሉ እልክልህ ነበር። ያን ቀን የላክሁት ከቁርኣን የተወሰደች ግማሽ አንቀጽ ናት፤ በትልቁ ተጽፋ፣ ከሥሯ በቀይ ተሰምሮባት። "እስቲ ይኼን አስረዳኝ" ብዬ። አንተ ብዙ ቆየህና ሁለት ቃል ብቻ ጻፍህ፦ "ወዮላቸው ለሰጋጆች።" በቃ።

እኔ ምን እንዳሰብሁ ልንገርህ? ተረታ አልሁ። መልስ ሲያጣ የራሱን ሰጋጆች መርገም ጀመረ አልሁ። ስክሪንሻት አንስቼ እዚያው ግሩፕ ላይ ለጠፍሁት። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ለአንተ የነገረህ ሰው እንዳለ በኋላ ሰማሁ።

ከዚያ የ2014 ሚያዝያ መጣ። በከተማችን በሙስሊሞች ላይ የሆነውን ለአንተ አልተርክልህም። በዚያ ሳምንት ስልክ ቁጥርህን ስንቴ አውጥቼ እንዳየሁት አልቆጠርሁም። አልደወልሁም። ይኼን የምጽፈው ይቅርታ ብዬ ቶሎ ላልፈው ፈልጌ አይደለም፤ እንድታውቀው ነው።

አሁን ቀልድህ እንዴት እንደገባኝ ልንገርህ።

ዘንድሮ መጻሕፍት ቤት ገብቻለሁ። አትሳቅ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከሥራ በፊት፣ ገና ሳይነጋ ጋቢዬን ተከናንቤ ትርጓሜ ወንጌል እሰማለሁ። አንዱ ግእዙን ያነባል፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ በአማርኛ ይፈቱታል። መጀመሪያ ነጠላ ትርጉሙን። ቀጥሎ "አንድም" ይላሉ፣ ሌላ ፍቺ ይመጣል። እንደገና "አንድም"። መሐል ላይ ደግሞ "ስለምን ቢሉ" እያሉ ተቃዋሚው የሚጠይቀውን ራሳቸው ይጠይቁና ራሳቸው ይመልሳሉ። ማንም አፉን ሳይከፍት ክርክሩ ይካሄዳል። ይኼ የዚችው የጎንደር ሙያ ነው፤ ታች ቤት የሚባለውን የትርጓሜ ስልት ያቀኑት መምህር ኤስድሮስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚሁ ያስተማሩ ናቸው።

አንድ ቀን አንባቢው ልጅ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቆመና ጥያቄ ጀመረ። የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጭራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። "ማን እዚያ ጋ ቁም አለህ?" አሉት። "ግማሹን አንብቦ የሚቆም ሰው ሌባ ነው፤ ሌላውን ግማሽ በኪሱ ይዞ የሚሄድ።" ቀጠሉና "ዳዊት ላይ 'አምላክ የለም' የሚል አለ፣ ታውቃላችሁ?" አሉ። ቤቱ ጭጭ አለ። "አለ እንጂ! 'ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል።' ሰነፉን ቆርጠህ ጣለውና ዳዊትን ከሃዲ ታደርገዋለህ።" ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ያች ሁለት ቃልህ ድንገት ትዝ አለችኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ አማርኛውን ቁርኣን ከፈትሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ በ1961 ዓ.ም. የታተመውን። ፈልጌ ፈልጌ አገኘኋት። ሱረቱል ማዑን፣ 107ኛዋ ምዕራፍ፣ ሰባት አንቀጽ ብቻ። አራተኛው አንቀጽ "ወዮላቸው ለሰጋጆች" ብሎ ያበቃል። አምስተኛው ይቀጥላል፦ ለእነዚያ ከስግደታቸው ዘንጊ ለሆኑት።

አይ ደረሳው! ግማሽ ልኬልህ፣ በግማሽ መለስህልኝ። ቀሪውን ፈልጎ ያገኘዋል ብለህ ነበር። እኔ ደግሞ ለጥፌ ሳቅሁበት። ሼም ያዘኝ፤ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ፊቴን በእጄ ሸፈንሁ።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ምን መሰለህ? ለራሴ መጽሐፍ መምህር ፈልጌ፣ በሌሊት ተነሥቼ፣ አንዷን ቃል በሦስት በአራት "አንድም" እሰማለሁ። ያንተን ግን አልጋ ላይ ተጋድሜ በስልክ ፈታሁት። ያውም የማላውቀው ሰው ቆርጦ ያቀበለኝን። አንተ ስንት ዓመት ሸሁ ፊት ተቀምጠህ ጀላለይንን፣ ያንን የቁርኣን ትርጓሜ መጽሐፍ፣ እንደቀራህ እያወቅሁ። ጃንደረባው እንኳ ትዝ አላለኝም፣ የእኛው አገር ሰው! ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነባል፣ ፊልጶስ "የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" ሲለው "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" አለ። ጥያቄውም አንድምታ ነው፤ ነቢዩ ይኼን ስለ ራሱ ነው የሚናገረው ወይስ ስለ ሌላ? በዚያ ምዕራፍ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኛ ክርስቶስ ነው እንላለን፤ ራሺ የሚባለው የአይሁድ ሊቅ ሕዝበ እስራኤል ናቸው ብሎ ፈታው፣ ብዙዎቹም ተከተሉት።

ከዚያ ወዲህ በትርፍ ጊዜዬ ሥራዬ ሆነ። አንድ ቃል ይዤ በየቤቱ አዞራለሁ። የግመሏን ስማኝ። ወንጌል ላይ ሀብታም መንግሥተ ሰማያት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ብታልፍ ይቀላል ይላል። ይቺው ግመል እናንተም ጋ አለች ለካ! ሱረቱል አዕራፍ፣ አንቀጽ 40፣ ግመል በመርፌ ቀዳዳ እስኪገባ ድረስ ገነት አይገቡም ይላል። እዚያ ሀብታም ነው፣ እዚህ አስተባባይ፤ መርፌዋ ግን አንድ። የሚገርመው ሁለቱም ቤት ውስጥ ግመሏ የከበደችው ሰው ነበር። ቅዱስ ቄርሎስ ዘእስክንድርያ ይኼ ግመል ሳይሆን የመርከብ ወፍራም ገመድ ነው ብሎ ፈትቶታል፤ በግሪክኛ ቃሎቹ ይቀራረባሉ። ከነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች አንዱ ኢብኑ ዐባስም "ጀመል" (ግመል) የሚለውን "ጁመል" ብለው እንዳነበቡት ይነገራል፤ እሱም የመርከብ ገመድ ነው። የግእዛችን "ገመል" እና የአማርኛችን "ገመድ"ም በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ። አጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ አለኝ። እኔን ከጠየቅኸኝ ግመሏ ትሻለኛለች። ገመድ ነው ያለው ሰው መርፌዋን ሊያሰፋት የፈለገ ይመስለኛል።

የአይሁድ ሊቃውንት ክርክር በተጻፈበት በታልሙድ ላይ ደግሞ ዝሆን ነው። አንዱ ሊቅ ሌላውን ሲያሾፍበት አንተ ከፑምበዲታ ሳትሆን አትቀርም፣ እነሱ ዝሆን በመርፌ ቀዳዳ ያሳልፋሉ ይለዋል። ፑምበዲታ በባቢሎን የነበረ ትልቅ የትምህርት ከተማ ነው። ነገር ሲሰነጥቁ ለካ ራሳቸውም ያውቁታል!

ይኼን ስትሰማ ደግሞ ትስቃለህ። የእኛ አንድምታ ከየት ተቀዳ ብዬ ሳነብ፣ ከምንጮቹ አንዱ በዐረብኛ የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት። ጸሐፊው ኢብኑ ጠይብ ይባላል፣ በባግዳድ ሐኪምም ቄስም የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1043 የሞተ። ትርጓሜው ወደ ግእዝ ተመልሶ ሊቃውንቶቻችን ተጠቅመውበታል። ስሙን ልንገርህ? አብደላ! ያውም ከንስጥሮሳውያን ወገን፣ እኛ የምናወግዛቸው። አብደላ የፈተተውን እንጀራ እየበላሁ አብደላን ስሰድብ ከረምሁ በለኛ።

አንድም ማለት ግን ሁሉም ልክ ነው ማለት እንዳይመስልህ። እኔም መስሎኝ ነበር፣ የኔታ ተቆጡኝ። ሃይማኖት የሚያፈርስ "አንድም" የለም፣ አጥር አለው አሉ። ስለዚህ እኔና አንተ የምንለያይበት ቦታ ዛሬም እንለያያለን። ስለ ኢየሱስ የምታምነውን አላምንም፣ የማምነውን አታምንም። ይኼን አለሳልሼ ብጽፍልህ ትታዘበኛለህ።

አያቴ ስለ ወለቃ ሰዎች የነገረችን ትዝ ይልሃል? በደባርቅ መንገድ ላይ፣ ሸክላ የሚሠሩት ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቿ። "ዓርብ ማታ ጭሳቸው ይጠፋል፣ ቅዳሜን ቀዝቃዛ ይበላሉ" ትል ነበር። የእነሱም ኦሪት በግእዝ ነው፣ የእነሱም ጸሎት ቤት መስጊድ ይባላል። በሰንበት እሳት አታንድዱ የሚለውን ቃል እንዳለ ወሰዱት፤ እሳቱ ሳይመሽ ይጠፋል። ሌሎቹ አይሁድ ደግሞ ያንኑ ቃል ይዘው የተከለከለው በሰንበት ማንደድ ነው፣ አስቀድሞ የበራ ይብራ አሉ። እንዲያውም ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሻማ ማብራት ግዴታ ሆነ። በ1983 ግንቦት በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው ወደ እስራኤል ሲጓዝ፣ ከጎንደር ገጠር የሄደች አንዲት ባልቴት የመጀመሪያው ዓርብ ማታ በጎረቤት መስኮት ሻማ ስታይ ምን አለች ይሆን እያልሁ አስባለሁ። አንዱ ለመጽሐፉ ብሎ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ለዚያው መጽሐፍ ብሎ ያበራል።

አንድ ነገር ደግሞ ከአንተ መስማት እፈልጋለሁ። አሊ ዒምራን፣ አንቀጽ 7። አንዳንዱ አንቀጽ ግልጽ ነው፣ አንዳንዱ ተመሳሳይ (ፍቺው የሚያሻማ) ነው ካለ በኋላ ፍቺውን ከአላህ በቀር የሚያውቀው የለም ይላል። አንዱ እዚያ ላይ ይቆማል። ሌላው ሳይቆም ይቀጥላል፤ በዕውቀት የጠለቁትም ያውቁታል ማለት ይሆናል። ስለ ፍቺ የሚናገረው አንቀጽ ራሱ በአንድ መቆሚያ ሁለት ሆነ! የአንተ ሸህ የት ይቆሙ ነበር? ይኼን የሚመልስልኝ ሰው እዚህ አጥቼ አይደለም፤ አንተ እንድትመልስልኝ ነው።

እናትህ ቤት ገባሁ በኋላ። ቅዳሜውን ይዘውኝ ሄዱ፣ አዲስ ዓለም፣ ያው ግቢ። ሉሕህ፣ ቁርኣን የተማርህባት ሰሌዳ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች፣ ጥግዋ ተሰንጥቃ። ጠጋ ብዬ አየኋት፤ ታጥባ ታጥባ ነጥታለች፣ ግን ስንጥቋ ውስጥ ጥቁር ቀርቷል። ከእኚሁ እናትህ ምጣድ ጀርባ የፋቅነው ጥላሸት ነው። አንተ ለሉሕህ፣ እኔ ለየኔታ ቀለም፣ እሳቸው ደግሞ ምጣዴን ልትበሱት ነው እያሉ ሲያባርሩን። ሉሕህን አጥበህ ውሃውን ስትጠጣ እኔም ልቅመስ ብዬ፣ "ከጠጣህ ትሰልማለህ" ስትለኝ እየጮህሁ ቤቴ የሮጥሁትን ነገርኋቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ቡና ሲያፈሉ የዚያችን ምዕራፍ ስም፣ ማዑን የሚለውን፣ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ስለ አንተና ስለ እኔ አላነሣሁም፣ ቃሏን ብቻ። መቼም ፊደል አልቆጠርሁም ይላሉ፣ ግን ያውቋታል። "ለጎረቤት የሚያውሱት ዕቃ ነው ልጄ። ድስት፣ ባልዲ፣ መጥረቢያ። ሰጋጅ ሆኖ ዕቃ የሚከለክል አለ፣ እሱን ነው" አሉኝ። ቤቴ ገብቼ አየሁት። ዘካ ነው ያሉም አሉ፤ ሌላው የነቢዩ ባልደረባ ኢብኑ መስዑድ ግን እናትህ እንዳሉት ነው የፈቱት፣ ባልዲ፣ ድስት፣ መጥረቢያ። እናትህ ወንፊት ጨመሩበት።

ወንፊቷን እናቴ ጓዳ ከሞሰብ ጀርባ አገኘኋት። አንድ ጎኗ ተቀዷል፣ ምናልባት እኛ ነን የቀደድናት። አዲስ ልግዛላቸው ወይስ ያችኑ አሰፍቼ ልመልስ? ስትደውልላቸው ዘወር አድርገህ ጠይቅልኝ፣ እኔ ጠየቅሁ አትበላቸው።

የቆሎ ተማሪው
ጎንደር