የቀን ሠራተኛው ማሽን ፊት ከመቆሙ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ፋብሪካዎችና ሕንፃዎች መበራከታቸው ለሰሜን ሸዋ ወጣት የእንጀራ በር መክፈቱን የሚክድ የለም። ሆኖም በእነዚህ ሥራዎች ከሚሰማሩት ብዙዎቹ መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ ከመንዝ፣ ከባሶና ወራና እና ከአንጎለላና ጠራ ገጠሮች የሚመጡ፣ እንዲሁም ከቀያቸው ተፈናቅለው በከተማዋ የተጠለሉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ማለዳ በደላላ ወይም በንዑስ ተቋራጭ በኩል ተሰብስበው በዚያው ዕለት አርማታ ማደባለቂያ ወይም ሌላ ማሽን ፊት ይቆማሉ። ማሽኑ በምን እንደሚጠፋ እንኳ ሳይነገረው ሥራ የሚጀምረው ጥቂት አይደለም።

አደጋው የሚበረታው ደግሞ በእነዚሁ የመጀመሪያ ቀናት ነው። በካናዳ ቶሮንቶ የሚገኝ የሥራና የጤና ምርምር ተቋም እንዳረጋገጠው፣ በሥራው የመጀመሪያ ወር ላይ ያለ ሰው ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት የሚደርስበት ዕድል ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየው ሠራተኛ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። እኛ ዘንድ ብርዱም የራሱን ይጨምራል፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ ወይም ጋቢ ደርቦ የመጣ ልጅ፣ የልብሱን ጫፍ የሚሽከረከር ዘንግ ቢይዝበት የሚሆነውን ነባሩ ሠራተኛ ያውቃል፤ አዲሱ ካልነገሩት ከየት ያውቀዋል? ከአጠና በተሠራ መወጣጫ ላይ ሲሚንቶ ተሸክሞ ለሚወጣውም ነገሩ ያው ነው።

ጉዳት ሲደርስ የሚሰማው መልስ «ጥፋቱ የራሱ ነው» ወይም «የእኛ ሠራተኛ አይደለም» የሚል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹን ሥራው ስለሚያስከትለው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስተምር፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ፣ የደረሰውንም አደጋ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ሲያዝ፣ ይህን ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ አላለም። በግልጽ የተሰጠውን የጥንቃቄ መመሪያ የጣሰ ሠራተኛ ካሳ ሊያጣ እንደሚችል እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ጨርሶ ያልተሰጠን መመሪያ ጣሰ ተብሎ የሚወቀስበት አግባብ አይታየኝም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ይህ በተግባር ስለማይፈጸም የተጎዳው ሰው የማን ሠራተኛ እንደነበረ ማስረዳት ይቸግረዋል። (ደላላው ድርሻውን ሲቆርጥ ግን የማንንም ስም አይረሳም።)

ስለዚህ የሚመለከታቸው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቶች ተቆጣጣሪዎቻቸውን በቢሮ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ማለዳ ሠራተኛ በሚከፋፈልበት ጊዜና በሌሊት ፈረቃም እንዲልኩ፣ ማንም የቀን ሠራተኛ ስሙ በአሠሪው መዝገብ ሳይሰፍርና ሥራውን በሚያውቅ ነባር ሠራተኛ ሳይሠለጥን ወደ ማሽን እንዳይቀርብ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። በየድርጅቱ በሚቋቋመው የደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ ውስጥም ከጊዜያዊ ሠራተኞች የተመረጠ ሰው ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ቋሚዎቹ የማያዩትን የሚያየው እሱ ነውና።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን