ከዋጋው በፊት ቁመቱን፦ ደብዳቤ ለልጄ

አባዬ፣

ለኮምፒውተርህ ፕሮሰሰር (ስሌቱን ለሚሠራው ቺፕ) የመረጥከውን ማቀዝቀዣ አየሁት። ጎበዝ ማቀዝቀዣ ነው፤ ግን ቁመቱ 155 ሚሊሜትር ነው፣ የኮምፒውተሩ ሣጥን፣ ኬዝህ፣ የሚችለው ደግሞ 53። ክዳኑ አይዘጋልህም። ለትንሽ ኬዝ ስትገዛ ከብራንዱም ከዋጋውም በፊት የሚታየው ይኼ ቁጥር ነው።

ቁመት ስታነጻጽር ተጠንቀቅ፤ አንዳንዴ ያለ ፋኑ ያለው ልክ ጎልቶ ይጻፋል። የኖክቱዋ ኤንኤች-ኤል9አይ የተባለው ማቀዝቀዣ ያለ ፋን 23፣ ከነፋኑ 37 ሚሊሜትር ነው። አንተ ከነፋኑ ያለውን ያዝ። ደግሞም 53 አለኝ ብለህ 53 አትግዛ። ፋኑ ቀዳዳ ካለው የጎን ክዳን ጋር ሲጠጋጋ አየሩ እየተረበሸ ስለሚገባ ያጉረመርማል፤ አምስት ስድስት ሚሊሜትር ክፍተት ተውለት። እኔ ብሆን የተርማልራይት ኤኤክስፒ90-ኤክስ47ን እወስድ ነበር። ከነፋኑ 47 ሚሊሜትር ነው፣ አራት የሙቀት ቱቦና 92 ሚሊሜትር ፋን አለው። ከኖክቱዋው የሚበልጥባት 10 ሚሊሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን አብዛኛዋ ሙቀት የሚበትን ብረት ናት። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከኖክቱዋው ያነሰ ነው።

ብረቱ ሲበዛ ፋኑ ቀስ ብሎ መዞር ይችላል፤ ዝምታ የሚገኘውም ከዚያ ነው። የአንድ ፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ15 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ገደማ ይጨምራል፤ ለጆሯችን 10 ዴሲቤል ብቻ እንኳ እጥፍ ጩኸት ያህል ነው። «ዝም ያለ» የሚል ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ አይተህ አትመን፤ ትንሹም ፋን በሙሉ ፍጥነት ከዞረ ይጮኻል።

ገንዘብ ሳታወጣ ብዙ የምታተርፈው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ነው። የኤኤምዲ 105 ዋት ተብሎ የሚሸጥ ፕሮሰሰር ሶኬቱ (የሚሰካበት ቦታ) ላይ እስከ 142 ዋት ይወስዳል። ኃይል ቆጣቢውን ኢኮ ሞድን 65 ላይ ብታደርገው ጣሪያው 88 ዋት ይሆናል፤ ጌም ላይ ልዩነቱን እምብዛም አታየውም፣ ረጅም የቪዲዮ ሥራ ላይ ግን ትንሽ ይዘገያል። ፕሮሰሰርህ ኢንቴል ከሆነ ሁለቱን የኃይል ገደቦች (የረጅምና የአጭር ጊዜውን) ፈልግ። ኮር አይ5-12400 በስሙ 65 ዋት ቢባልም ሁለተኛው ገደቡ 117 ነው፤ ገደቡን ጨርሰው የሚያነሱ ማዘርቦርዶችም (ሁሉም ነገር የሚሰካባቸው ዋና ሰሌዳዎች) አሉ። 47 ሚሊሜትር ማቀዝቀዣ ላይ 140 ዋት ጭነህ ዝምታ መጠበቅ አይሆንም።

ከማዘዝህ በፊት ሶኬቱን አረጋግጥ። የኢንቴሉ ኤልጂኤ1200 ሶኬት የብሎን ቀዳዳዎች ርቀት 75፣ የኤልጂኤ1700 ግን 78 ሚሊሜትር ነው፤ የድሮውን ማሰሪያ በግድ አትወጥረው። የኤኤምዲ ሶኬቶች ኤኤም4 እና ኤኤም5 የቀዳዳ ርቀታቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን የኤኤም5 የጀርባ ሰሌዳ ከሶኬቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይነሳም። የራሱን የጀርባ ሰሌዳ የሚፈልግ አሮጌ ማቀዝቀዣ አይገባበትም ማለት ነው። ራሙንም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ለካው። ሽፋን የሌለው ራም 31 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ መብራት ያለው ከ40 ያልፋል። 120 ሚሊሜትር ፋን ያላቸው ዝቅተኛ ማቀዝቀዣዎች ራሙ ላይ ስለሚወጡ ያን ጊዜ ራሙ ይገፋቸዋል።

ስትገጥም ማዘርቦርዱን ገና ኬዝ ውስጥ አታስገባው፤ ከእነዚህ ዝቅተኛ ማቀዝቀዣዎች ብዙዎቹ ብሎናቸው የሚጠብቀው ከጀርባ ነው። የማቀዝቀዣው ታችኛው ፊት ላይ ያለውን ፕላስቲክ ላጥ። (አትሳቅ፤ ሳይላጥ የሚገጠም ሞልቷል፣ ከዚያ ፕሮሰሰሩ በደቂቃ ውስጥ ይግላል።) የአተር ፍሬ የሚያህል ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ፕሮሰሰሩ መሃል ላይ አድርግ። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ እያንዳንዱን ግማሽ ዙር እያልክ አጥብቅ፤ አንዱን ጥግ አስቀድመህ ከጨረስከው ማቀዝቀዣው ያዘነብላል፣ ፔስቱም በአንድ ወገን ይወፍራል። የፋኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሲፒዩ ፋን የሚለው መሰኪያ ላይ አሁኑኑ ሰካ፤ ኬዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ጣትህ አይደርስም። የተረፈውን ገመድ እሰረው። የፋን ቅጠል የነካ ገመድ ጠቅ ጠቅ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ያስቸግርሃል።

ከፍጥነቱ ይልቅ ጆሮን የሚያሰለቸው ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። አንድ ገጽ በከፈትክ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ለሰከንድ ይግላል፣ ፋኑም ተከትሎ ይነሳል። ባዮስ ውስጥ የፋኑን ምላሽ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ አዘግየው። ከዚያ የፋኑን ፍጥነት እስከ 60 ዲግሪ 35 በመቶ፣ 75 ላይ 55 በመቶ፣ 85 ላይ 80 በመቶ አድርገህ ጀምር። 80 ዲግሪ ስታይ አትደንግጥ፤ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ እስከ 95 እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው።

አሁንም ከጮኸ ሌላ ማቀዝቀዣ ከመግዛትህ በፊት ከባድ ሥራ እያሠራህ የጎን ክዳኑን ክፈት። ሙቀቱ ወዲያው አሥር ዲግሪ ያህል ከወረደ ጥፋቱ የማቀዝቀዣው አይደለም፤ ትኩሱ አየር መውጫ አጥቶ እየተመለሰ ነው፣ አንድ አስወጪ ፋን ጨምርለት። ሙቀቱ ሳይለወጥ ድምፁ ብቻ ከጠፋ ክዳኑ ለፋኑ ቀርቦበታል።

የሶኬቱን ስምና የራሙን ቁመት ለክተህ ጻፍልኝ፤ እስከዚያ ምንም አትዘዝ።

እናትህ