ይድረስ ለአባቴ፤ ስለ መጥበሻውና ስለ ጥቁሩ ጊታር

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ሁለቱ ጊታሮች በሰላም እጅዎ እንደገቡ እማዬ ነግራኛለች። እስካሁን ከሣጥናቸው እንዳላወጧቸውም ሰምቻለሁ። በስልክ እየተቆራረጠ ከማስረዳ ሁሉንም በጽሑፍ ባስቀምጥልዎ ይሻላል ብዬ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጣትዎ። የተለመደውን ጊታር ያስተወዎት ክሩን አጥብቆ መጫኑ ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን ጭን ላይ አጋድመው የሚጫወቱባቸው ላፕ ስቲል የሚባሉ ጊታሮች ናቸው፤ ላፕ ስቲል ላይ የሚጫን ነገር የለም። ጊታሩ ጭንዎ ላይ በጀርባው ይጋደማል፤ ክሮቹ ከአንገቱ ላይ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ብለው ተወጥረዋል፤ የግራ እጅዎ ሥራ አንድ ብረት ክሮቹ ላይ አሳርፎ ወዲያ ወዲህ ማንሸራተት ብቻ ነው። የቀረውን የብረቱ ክብደት ይሠራዋል። ቢጫኑት እንዲያውም ይበላሻል፤ ክሩ ወደ ታች ይጎብጥና ድምፁ ከቅኝቱ ከፍ ይላል፣ ከሥሩም ፍሬቱን (በአንገቱ ላይ በአግድም የተሰመረውን የድምፅ መስመር) እየነካ ይንጫጫል።

በትንሿ ከረጢት ውስጥ ሁለት ብረት አለ። ክቡ 19 ሚሊሜትር ውፍረትና 7.6 ሳንቲሜትር ርዝመት አለው፤ 170 ግራም ያህል ይመዝናል። ሌላው ጎንና ጎኑ እንደ ቦይ የተቦረቦረ ነው። አውራ ጣትና መሀል ጣት ቦዩ ውስጥ ስለሚገቡ ሳይጨብጡ ሊይዙት ይችላሉ፤ ለእርስዎ እጅ የሚሻለው እሱ ነው፣ በእሱ ይጀምሩ። ብረቱ የሚያርፈው በትክክል ከፍሬቱ መስመር በላይ ነው። በተለመደው ጊታር ጣት ከፍሬቱ ኋላ ይውል የለ? እዚህ እንደዚያ ካደረጉ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይወጣል። አንገትዎን ትንሽ ቀና አድርገው ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ፤ በሰያፍ ካዩ መስመሩ ያታልላል። ቀለበት ጣትና ትንሿን ጣት ከብረቱ ኋላ ክሮቹን እንዲነኩ ይልቀቋቸው፤ ያለዚያ ከብረቱ በስተኋላ ያለው የክሩ ክፍል አብሮ ይንጫጫል።

ስለ ሠሪዎቹም ላንሳ፤ ከሰፈርዎ ብዙ አይርቁም ነበርና። ብረት በክር ላይ የማንሸራተቱን ጥበብ ያስፋፋው ጆሴፍ ኬኩኩ የሚባል የሃዋይ ሰው ሲሆን በ1904 ሃዋይን ለቆ ወደ ዋናው አሜሪካ መጣ። ጨዋታው በመላው አገር ተወደደ፤ ሆኖም ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ሥር ይዋጥ ነበር። ጆርጅ ቦሻም የሚባል የሃዋይ ጊታር ተጫዋች ይህን ለመፍታት በማግኔትና በሽቦ ጥቅል የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፒክአፕ ሠራ። በ1931 ሃሪ ዋትሰን የእንጨት ናሙናውን ቀረፀለት፤ የብረት ሥራ ፋብሪካ የነበረው የስዊስ ተወላጅ አዶልፍ ሪከንባከር ገንዘቡንና ማሽኑን ይዞ ገባ። ሮ-ፓት-ኢን የተባለው ትንሽ ድርጅታቸው ሎስ አንጀለስ ዌስተርን ጎዳና ላይ ነበር፤ ዛሬ ሊትል ኢትዮጵያ ከሚባለው ከእኛው ፌርፋክስ በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ነው። በ1932 የአሉሚኒየሙን ጊታር መሸጥ ጀመሩ፤ ክብ ሆዱንና ቀጭን አንገቱን ያየ ሁሉ «መጥበሻ» አለው፣ ስሙም በዚያው ቀረ። የፓተንት (የፈጠራ መብት) መርማሪዎቹ መሣሪያው በእርግጥ ስለመሥራቱ ስለተጠራጠሩ ሶል ሆኦፒኢን የመሳሰሉ ሙዚቀኞች ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ተጫወቱላቸው። ፓተንቱ የወጣው ኦገስት 10 ቀን 1937 ነው። ዛሬ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ጊታር የሚሠራበት መንገድ ከዚህ ትንሽ ድርጅት ሥራ ይመዘዛል፤ ስለዚህ አደራ የምልዎ ዋጋቸውን ብቻ አስቤ አይደለም።

አሁን ወደ መጥበሻው ልምጣ። ሆዱም አንገቱም አንድ ላይ ከአሉሚኒየም የተቀለጠ ነው። ድምፁ ጥርት ያለና ረጅም ነው፤ ጠላቱ ሙቀት ነው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከክሩ ብረት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የክሮቹ ርዝመት 57 ሳንቲሜትር ስለሆነ 10 ዲግሪ ሲሞቅ አሉሚኒየሙ 0.13 ሚሊሜትር፣ ክሩ ደግሞ 0.07 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማሉ። ልዩነቱ ከፀጉር ያነሰ ይመስላል፤ ጆሮዎ ግን ይይዘዋል። ክሮቹ ቀጭን ስለሆኑ መጀመሪያ የሚሞቁት እነሱ ናቸው፣ ቅኝቱ ይወርዳል፤ ቆይቶ ገላው ሲሞቅ ክሮቹን ይወጥራቸዋል፣ ቅኝቱ ይወጣል። ስለዚህ ከሣጥኑ አውጥተው ጭንዎ ላይ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ ይቃኙ። ገና እንዳወጡት ከቃኙት አንድ ዜማ ሳይጨርሱ እንደገና ይቃኛሉ። መስኮት ሥር ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ አይጫወቱበት፤ መኪና ኮፈን ውስጥም ለአንድ ሰዓት እንኳ አይተዉት።

ጥቁሩ ሞዴል ቢ ነው፤ ከ1935 ጀምሮ የተሠራ፣ ቤክላይት ከሚባል ጠንካራ የድሮ ፕላስቲክ የወጣ ጊታር። ሙቀት በቤክላይት ውስጥ ቶሎ አይሄድም፤ ለዕለት ጨዋታ እሱን ይያዙ። ድምፁ ከመጥበሻው ወፈር፣ ሞቅ ያለ ነው፤ ስመ ጥሩው የላፕ ስቲል ተጫዋች ጄሪ በርድ ከዓለም ሁሉ የመረጠው ከዚሁ ሞዴል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራውን ነው። በሆዱ ላይ የሚያዩዋቸው አምስት ሳህኖች ከሥራቸው ያለውን ክፍት ቦታ የሚሸፍኑ ክዳኖች ናቸው። ፍሬቶቹ ከአንገቱ ጋር አብረው የተቀረፁ፣ ነጭ ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ በጨርቅ አጥብቀው ከፈተጉ ቀለሙ ይለቃል።

የቤክላይት ጠባይ ልክ እንደ ሸክላ ምጣድ ነው፤ እሳት አያቀልጠውም፣ ከወደቀ ግን ይሰነጠቃል። ግድግዳ ላይ አያስደግፉት፣ ሁልጊዜ በሣጥኑ ውስጥ በጀርባው ይተኛ። አንገቱ በብሎን የተያያዘ ስለሆነ የላላ ቢመስልዎት እንኳ ካቻቢቴ አያንሱ፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ ብሎን ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል። ሲያጸዱ በጣም ትንሽ ውኃ የነካው ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ማንም «ላብራልዎ» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካው፤ ከላይ ያለው ድምቀት አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፣ አቧራውም ለሳንባ አይበጅም።

በሁለቱም ላይ ዋናው ሀብት ፒክአፑ ነው። የፈረስ ጫማ የመሰሉ ሁለት ማግኔቶች ፊት ለፊት ተገጣጥመው ክሮቹ በመካከላቸው እንደ ዋሻ ያልፋሉ። ማግኔቶቹ ከጦርነቱ በፊት ወርዳቸው 38 ሚሊሜትር ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ 32 ሆኑ። እነዚህ የቆዩ ማግኔቶች ከተመቱ፣ ከወደቁ ወይም ተለያይተው ከተቀመጡ ኃይላቸው ይደክማል። ድምፁ በስድስቱም ክር እኩል ከደከመ ማግኔቱን ይጠርጥሩ፤ ሳይለወጥ እንደገና ኃይል ሊሞላ ይችላል። ድምፁ ጨርሶ ከጠፋ ግን የፒክአፑ ጥቅል ቀጭን ሽቦ ተበጥሶ ይሆናል። እሱን በቴስተር መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሳይለካ «ጥቅሉ ይቀየር» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ጊታሩን ይዘው ይመለሱ። ድምፅ ማስተካከያው ሲያዞሩት ከተንኮሻኮሸ ግን ያው አቧራ ነው፤ የኤሌክትሪክ ማጽጃ አንድ ጊዜ ፊስ አድርገው ከዳር እስከ ዳር 20 ጊዜ ያህል ያሽከርክሩት።

ማግኔቱን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሊያዩት ከሚመጡት ጓደኞችዎ መካከል የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ካለ ጊታሩን አቅፎ እንዳይሸከም። ፒክአፑ ከደረቱ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ።

ክር ስለመለወጥ። ሁለቱም 57 ሳንቲሜትር ስለሆኑ አንድ ዓይነት ክር ይበቃቸዋል። ከእርስዎ ሩቅ ካለው ቀጭኑ ጀምሮ ውፍረታቸው በኢንች 0.015፣ 0.018፣ 0.022፣ 0.026፣ 0.030፣ 0.038 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ልሙጥ፣ የቀሩት ሦስቱ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ናቸው። በድምሩ 70 ኪሎ ያህል ይስባሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያውልቁ፣ አንዱን አውልቀው አንዱን ይተኩ። በጥቁሩ ላይ ክሩ የሚገባው ከጀርባው ቀዳዳ ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ በብሪጁ (ክሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ) ላይ ያልፋል፣ ከዚያ በማግኔቱ ዋሻ ሥር ሾልኮ ወደ አንገቱ ይሄዳል። ሰው የሚያማርረው እዚህ ጋ ነው፤ ማግኔቱ የክሩን ጫፍ ይስበውና ጣሪያው ላይ ይለጥፈዋል፣ ቢጎትቱት ይቆለመማል፣ የተቆለመመ ክር ደግሞ ቅኝት አይይዝም። መላው ቀላል ነው። የፕላስቲክ የለስላሳ መምጠጫ በዋሻው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይክተቱ፣ ክሩን በመምጠጫው ውስጥ ያሾልኩ፣ ጫፉ በወዲያ በኩል ሲወጣ መምጠጫውን ስበው ያውጡ። መቃኛው ላይ ሦስት ዙር ይበቃል። በመጥበሻው ላይ የክሩ መግቢያ ስለሚለይ አሮጌውን ከማውለቅዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ቅኝቱ ላይ ስደርስ ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው። ሲ ስድስት የሚባለውን ይቃኙ። ከወፍራሙ ጀምሮ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ። ይህን ሲመቱ ምን እንደሚሰሙ ያውቃሉ? ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ አይደል? ከአምስቱ አራቱ ብረቱን ሳያሳርፉ ተቃኝተው ይጠብቁዎታል። የጎደለችው ዲ ብቻ ናት፤ እሷም በሁለቱ የሲ ክሮች ላይ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ትገኛለች። ከሲ ወደ ዲ ሳያነሱ ያንሸራቱና ይስሙት፤ ማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን ሳይለቅ የሚሄድበትን ያን ለቅሶ ያገኙታል። ፒያኖም ሆነ ፍሬት ያለው ጊታር ይህን አይሰጥም። ዘፋኙ በኤፍ ከፈለገ ብረቱን አምስተኛው ፍሬት ላይ ያሳርፉ፤ ስድስቱም ክር አብሮ ይሄዳል፣ ሁለቱ የሲ ክሮች ኤፍ ይሆናሉ፣ የጎደለችው ድምፅ ደግሞ በእነሱ ላይ ሰባተኛው ፍሬት ላይ ትሆናለች።

ትዝታ ማይነር ሲያሰኝዎት ሦስት ክሮችን ብቻ ግማሽ ድምፅ ያውርዱ፤ ሁለቱን ኢ እና አንዱን ኤ። ስለሚያላሉ የመበጠስ ፍርሃት የለም። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን በባዶ ክር አይመጡም፣ ብዙውን ድምፅ በብረቱ መፈለግ ይኖርብዎታል። እነሱን እጅዎ ብረቱን ከለመደ በኋላ ያቆዩዋቸው ባይ ነኝ።

የመጨረሻው ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው፤ አጥብቄ የምለምንዎትም እዚህ ላይ ነው። ለቤት ባለ 15 ዋት አዲስ አምፕሊፋየር ይበቃል። አንድ ሰው «ከጊታሩ ጋር የሚሄድ» ብሎ ባለ ሁለት እግር ሶኬት አሮጌ የቱቦ አምፕሊፋየር ቢያመጣልዎ፣ ባለሙያ ከፍቶ የመሬት መስመር (ኧርዝ) ያለው ባለ ሦስት እግር ገመድ ሳይገጥምለት አይሰኩት። አንድ እጅዎ ብረት ይዟል፣ ጭንዎ ላይ ደግሞ አሉሚኒየም አለ፤ የውስጡ አሮጌ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ቢያፈስ ኤሌክትሪኩ በእርስዎ በኩል ነው የሚያልፈው። ያልተበላሸ ጊታር እንኳ ትንሽ እምምም ይላል፤ ያ የፒክአፑ ጠባይ ስለሆነ አያሳስብዎት። ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብለው ይቀመጡና ወንበርዎን ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ እምምታው የሚቀንስበት አቅጣጫ አለ፣ እዚያ ላይ ይቁሙ።

ቅዳሜ ስደውል ሁለት ነገር ለክተው ይጠብቁኝ። የጥቁሩ ማግኔት ወርድ በማስመሪያ 38 ነው ወይስ 32? ሦስተኛው ክር ልሙጥ ነው ወይስ የተጠመጠመ? የተጠመጠመ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት በሌላ ቅኝት ይጫወትበት ነበር ይሆናል፤ ሲ ስድስት ከመቃኘትዎ በፊት ሙሉውን ክር እንቀይራለን። ሁለት ሙሉ ክር በፖስታ ልኬያለሁ።

እማዬን ሳሙልኝ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ