ድምፅሽን አውሺኝ

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? መልእክትሽ ስልኬ ውስጥ ስምንት ወር ተቀምጧል። እከፍተዋለሁ፣ «ዛሬ ማታ በደንብ እመልሳለሁ» እላለሁ፣ ይመሽብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ። አንቺም ካኮረፍሽ ዝም ነው፣ አውቅሻለሁ። እንተወው በቃ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የጻፍኩልሽ ናፍቆት ብቻ ገፍቶኝ አይደለም። ድምፅሽን ፈልጌ ነው።

ዘንድሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ነው የማስተምረው። አንዱ ዳውን ሲንድሮም አለበት። ከአማርኛ ፊደላት ብዙዎቹን በዓይኑ ይለያል። «ላም በምን ድምፅ ይጀምራል?» ስትይው ግን ዝም ብሎ ያይሻል። ቃሉ ለእሱ አንድ ድፍን ነገር ነው፤ ሊከፈል እንደሚችል ማንም አላሳየውም። እኔም ፊደል ሳስቆጥረው ከረምኩ እንጂ ድምፁን አላሰማሁትም። ይሄ ይቆጨኛል።

እንደ እሱ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ካዩት ይልቅ የሰሙት ቶሎ ይጠፋቸዋል። የመስማት ችግር ያለባቸውም ብዙ ናቸው። «ላ...ም» ብዬ ሳልጨርስ «ላ» አምልጦታል። ስለዚህ ታብሌት ላይ በፓወርፖይንት አንድ ነገር ሠራሁለት። የላም ፎቶ፣ ከሥሩ ሁለት ባዶ ሳጥን። አንዱን ሲነካ «ላ»፣ ሌላውን ሲነካ «ም» ይላል። ድምፁ ቢያልፍም ሳጥኑ እዚያው አለ። መቶ ጊዜ ቢነካው መቶ ጊዜ በዚያው ድምፅ ይመልስለታል። መጀመሪያ ላይ በትክክል ሲመልስ ፊኛ እንዲፈነዳ አድርጌ ነበር። ለፊኛው ብሎ ያገኘውን ሁሉ መነካካት ጀመረ፣ ድምፁን መስማት ተወ። አወጣሁት።

ጭብጨባም እናደርጋለን። «አበባ» ሦስት ፊደል፣ ሦስት ጭብጨባ። «በግ» ላይ ግን አንዴ አጨብጭቦ ሁለት ፊደል ሲያይ ግራ ይገባዋል። ጆሮው እኮ ልክ ነው! ሳድሱ «ግ» እዚያ ቦታ አናባቢ የለውም፣ ከ«በ» ጋር ባንድ ትንፋሽ ይወጣል።

ጭንቀቴም ከዚሁ ከሳድስ ነው። «ም»ን ለብቻው ስቀዳ መጨረሻው ላይ «እ» ትከተለኛለች። እሱም ሁለቱን ሲያያይዝ «ላምእ» ይለኛል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ቀዳሁት መሰለሽ፣ አልጠራ አለኝ። አንቺ ደግሞ ድምፅ መቁረጥ ታውቂበታለሽ።

ትናንት ምን ሆነ መሰለሽ። የመጀመሪያውን ሳጥን ነካ። «ላ» አለ ታብሌቱ። ጣቱ ወደ ሁለተኛው ሄዶ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ከንፈሩን ገጠመ። ገና ሳይሰማው! ድምፅ አላወጣም፣ ግን «ም» አፉ ላይ ነበረች። ትንፋሼን ውጬ ቀረሁ። ደግመን ስንሞክር አልመጣም፤ ግን አይቻለሁ።

እባክሽ አራት ቃላት ቅጂልኝ። ለጊዜው ላም፣ ራስ፣ ቀን፣ ሳል። መጨረሻቸው ሊጎተት የሚችል ነው፤ «ምምም»፣ «ስስስ»። እንደ «ብ»ና «ክ» ያሉት ስለማይጎተቱ ይቆዩልኝ። ሙዚቃ ከጀርባ አታስገቢ። መጀመሪያ ሙሉ ቃሉ፣ ከዚያ ተለያይቶ፣ ከዚያ እንደገና ሙሉው።

ደግሞ... ካላስቸገርኩሽ አንድ ልጨምርብሽ። የራሱን ስም። ለብቻው እልክልሻለሁ። እሱም በ«ም» ነው የሚያልቀው።

ያንቺው