የዘጠኙ ቆርኪ መልስ 10 ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በእንቆቅልሽ ዓምዳችሁ «9 ቆርኪዎች ሦስት ሦስት እየሆኑ ቢበዛ ስንት ቀጥታ መስመር ይሠራሉ?» ለሚለው ጥያቄ 8 የሚል መልስ ወጥቷል። ትክክለኛው 10 ነው። ተማሪዎቻችን ጋዜጣውን ይዘው እየመጡ ስለሚሟገቱን እርማቱ እንዲታተም አጥብቀን እንጠይቃለን።

8 የሚመጣው ቆርኪዎቹ በእኩል ርቀት ሦስት በሦስት ሲደረደሩ ነው፤ 3 አግድም፣ 3 ቁልቁል፣ 2 ሰያፍ። ቁልፉ የመካከሉን ረድፍ ማጥበብ ነው። ካሬ ባለው ደብተር ላይ ሦስት ቆርኪ በ4 ካሬ ልዩነት ደርድሩ። 4 ካሬ ወረድ ብላችሁ ሌላ ሦስት፣ ግን በ2 ካሬ ልዩነት ብቻ፤ መሀለኛው ከላይኛው መሀለኛ ትክክል ሥር ይሁን። አሁንም 4 ካሬ ወርዳችሁ የመጀመሪያውን ረድፍ ድገሙት። ከላይኛው መሀል ቆርኪ 3፣ ከግራና ከቀኙ ሁለት ሁለት መስመር ወደ ታች ይወርዳል። ከ3ቱ አግድም ጋር 10 ሞላ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ የመካከሉ ረድፍ አንድ ካሬ እንኳ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ 6 መስመሮች ይጎብጣሉ፣ 4 ብቻ ይተርፋሉ።

11 ለምን አይሆንም? 9 ነጥቦች 36 ጥንድ አላቸው፤ ሦስት ነጥብ የያዘ አንድ መስመር 3 ጥንድ ይወስዳል። ኬሊ እና ሞዘር የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1958 ያረጋገጡት ደግሞ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ እስካልሆኑ ድረስ ከ9 ነጥቦች ቢያንስ 4 መስመሮች ሁለት ነጥብ ብቻ እንደሚይዙ ነው። የሚቀረው 32 ጥንድ ለ3 ሲካፈል 11 አይደርስም።

የሒሳብ መምህራን
ከሐዋሳ