ወንድሜን ደቻቱ ላይ አልበትንም

ግልጽ ደብዳቤ፦ በድሬዳዋ የቀብር ፈቃድ ለሚሰጠው ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ማመልከቻዬ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። የሞት ማስረጃው፣ አስከሬኑን ያቃጠለው ተቋም የሰጠው ወረቀትና የእናቴ መቃብር የተከፈለበት ደረሰኝ አብረው አሉ። ክፍልዎ ግን ዛሬ ነገ ይለኛል። አንዴ ስብሰባ ነው፣ አንዴ መመሪያ አልወረደም ነው። በግል ስለምንዎት ስላልሰሙኝ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ሞተ። አስከሬኑ በእሳት እንዲቃጠል፣ አመዱም ድሬ መጥቶ እናታችን ጎን እንዲቀበር በጽሑፍ ተናዞ ነበር። እሱ በሰው አገር ለሞተ ሐበሻ ሁሉ የሬሳ መሸኛ ገንዘብ ሲያሰባስብ የኖረ ሰው ነው። ወጪው ቤተሰብ ላይ ምን እንደሚያደርስ ያውቃል። በእኔ ምክንያት ማንም እንዳይቸገር አለ። እውነቱን ለመናገር እኛም ደንግጠናል። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ "ኧረ እንዴት ተደርጎ!" ብሏል። ግን ኑዛዜ ነው፤ የሟች ቃል ነው።

ፈቃድ ልጠይቅ ስመጣ ከሠራተኞችዎ አንዱ ባለጉዳይ በሞላበት ክፍል ውስጥ እንዲህ አለኝ፦ "ሬሳ ከሌለ ቀብር የለም። አመድ ከሆነ ደቻቱ ላይ በትኑት፣ ማን ይከለክላችኋል?" አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሰማ። ምንም ሳይናገር ወጣ።

ክቡር ሆይ፣ የከተማችንን ወንዝ ደቻቱን እርስዎም ያውቁታል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይረግጠዋል፣ ከብት ይሻገረዋል፣ ቆሻሻ ይጣልበታል። ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ደግሞ ሌላ ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ጎርፍ ሆኖ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። የዘመዱን ሬሳ እንኳ አግኝቶ መቅበር ያልቻለ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ አለ። የሚቀብሩት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ድሬ ከማንም በላይ ታውቃለች። እዚያ ወንዝ ላይ የገዛ ወንድምህን በትን ማለት እንዴት ከመንግሥት ቢሮ ይወጣል? ሠራተኛው ይቅርታ አልጠየቀም። እርስዎም ስነግርዎት "አይዞህ፣ እናየዋለን" ብለው አለፉት።

"ሬሳ የለም" የተባለውም ልክ አይደለም። አስከሬን በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሙቀት ሲቃጠል የሚቀረው አጥንት ነው። እሱም ተፈጭቶ ዕቃ ውስጥ ይገባል። የአዋቂ ሰው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል። አይሸትም፣ በሽታ አያስተላልፍም። ስለዚህ እጄ ላይ ያለው የወንድሜ አጽም ነው። አጽም አፍልሶ በክብር መልሶ ማሳረፍ ደግሞ በአገራችን የኖረ ነገር ነው።

ሌላዋ ሠራተኛ በደግነት "እስከዚያ ቤታችሁ አስቀምጡት" አለችን። እኛ ካቶሊኮች ነን። ቤተ ክርስቲያናችን አስከሬን ማቃጠልን በ1963 እ.ኤ.አ. ፈቅዳለች። በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መመሪያ ደግሞ አመዱ በተቀደሰ ቦታ እንዲያርፍ አዝዛለች። መበተን አይቻልም፣ ቤት ማስቀመጥም አይቻልም። ቢሮዎ የሰጠን ሁለት ምክር ነው፤ ሁለቱም እምነታችን የሚከለክለው ነው። የኦርቶዶክስና የሙስሊም ወገኖቻችን ይህን እንደማይቀበሉ አውቃለሁ፣ አከብራለሁም። የእነሱን መቃብር አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት እናቴ ያረፈችበትን፣ ቤተሰቤ የከፈለበትን ነው።

ነገሩ ለአካባቢያችንም እንግዳ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ከረን ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው ጣሊያንን ሲወጉ ለወደቁት የሂንዱና የሲክ ወታደሮች መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በእምነታቸው ሥርዓት ተቃጥለው ስማቸው እዚያው ተቀርጿል። ድሬም ከባቡሩ ጋር ግሪኩን፣ አርመኑን፣ ሕንዱን፣ የመኑን ተቀብላ ያደገች ከተማ ናት። ለራሷ ልጅ ግማሽ ሜትር መሬት እንዴት ታጣለች?

ግማሽ ሜትር ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የእናቴ ሐውልት አይነካም፣ ሬሳዋም አይነካም። ከእግሯ በኩል ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ ዕቃው ይቀበራል፣ በድንጋይ ይከደናል፣ ስሙ ይጻፋል። አንድ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። ነገ ደግሞ የቤተሰብ መቃብር የሌለው ሰው ይመጣል። የድሬ ልጅ ያልተበተነበት አገር የለምና መምጣቱ አይቀርም። ለእሱ ከመቃብሩ አጥር ጋር የተያያዘ የፉካ ግንብ ይሠራለት። ፉካን ሰው ያውቀዋል። ለአመድ የሚሆነው ፉካ ደግሞ ለሬሳ ከሚሠራው በጣም ያነሰ ስለሆነ አንድ ግንብ ብዙ ሰው ይይዛል። መሬት ጠበበ እያላችሁ ለምትቸገሩት ለእናንተ ራሳችሁ ይጠቅማል።

ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሚከለክል አንቀጽ አሳዩኝ ብዬ ስለምን ያሳየኝ ሰው የለም። ካለ ቁጥሩን ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው ይስጡኝ፤ ወደሚቀጥለው አካል ይዤው እሄዳለሁ። ከሌለ ፈቃዱን ይፈርሙ። ለአባቴ ደግሞ ያ ቃል በተነገረበት ክፍል ውስጥ፣ ሰው ባለበት፣ ይቅርታ ይጠየቅልኝ።